አምስተኛው ሐሙስ

ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የእህል መጋዘን ነበር፤ ጋሽ ደምስ ተከራይቶ ገባ።
ጤፉ ወጣ፤ ነቀዙ ቀረ።
ካረጀ አውቶቡስ ወንበር ነቅሎ ደረደረ፣
አርባ ሁለት መቀመጫ፣ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ
ፊታቸውን የመለሱ ወደ ነጭ ግድግዳ።
«ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው»
የሚለው ሰሌዳም አብሮ መጣ፤ ማንም አልነቀለው።

የወንድሙ ልጅ በፍላሽ አምስት ፊልም ላከለት፣
የጃፓን፣ በእጅ የተሳሉ።
«የሕፃን ጨዋታ ነው» ብለው ሹፌሮቹ ሳቁበት።
አምስት ሐሙስ፣ አምስት ፊልም፤ መግቢያው አሥራ አምስት ብር፤
ትርጉሙ የኔ ነበር።

እኔ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ማይክ ይዤ ጥግ ቆሜ፣
ከሥር የሚሮጠውን እንግሊዝኛ ባማርኛ ለቅሜ
አደርሳለሁ። ልናዘዝ፦
መጀመሪያው ሐሙስ፣ ልጆቹ ነጭ ሩዝ
አድበልብለው ሲበሉ፣ «ጭብጦ» አልኩት፤
ወንዝ የሚጠብቀውን ሽማግሌ አድባር አደረግኩት።
ባሕር ሲመጣ ግን ቸገረኝ፤
ለማዕበል ሰባት ስም አላቸው፣ እኔ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።
እናም ባሕራቸውን ሁሉ በጉም ቃል አወራሁ፤
«ወረደ፣ አለበሰ፣ ተገፈፈ፣ ተኛ» እያልኩ መራሁ።
(ትርጉም የሚለው ቃል ጭራው ላይ ጉም አለ፤
ዘግይቶ ነው የታየኝ።)
እጅ ሲነሱ ብቻ ምንም አልተረጎምኩም፤
ጎንበስ ሲሉ፣ አዳራሹም
ከነወንበሩ ጎንበስ ይል ነበር።

አፀደ ቆሎ ይዛ ትገባለች፤ ቲኬት አትቆርጥም፤
ደምስ አይጠይቃትም።
በጨለማው ገብስ ሲቆረጠም
ጠጠር ላይ የሚሄድ ጎማ ይመስላል።
ሁልጊዜ አንድ ቦታ ናት፦ ከፊት፣ በቀኝ፣ የረዳት ወንበር።
ለምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል።
አይወራም።

አምስተኛው ሐሙስ፣ ነሐሴ። ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ
መንገዱን ዋጠው፤ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው ተገዶ
ዳር ያዘ። የሳቁት ሹፌሮች ቲኬት ቆርጠው ገቡ፤
ወንበር ሲያጡ መሬቱን ከበቡ።

ፊልሙ ተከፈተ፤ ከሥር ጽሑፍ የለውም።
ደምስ ሽቦ ነካካ። አልመጣም።
ማይኩን ያዝኩ። ቃል አልወጣም።

አለት አፋፍ ላይ አንዲት አሮጊት ትኖራለች፤
ጉም በወረደ ቁጥር ክብ መዳብ ትመታለች፣
ጀልባ እንዳይላተም። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለም።
ትመታለች። ታዳምጣለች። ትመታለች።
ክንዷ ይዝላል፣ አትቆምም።

በበሩ ስንጥቅ የኛው ጉም ገባ፤
የፕሮጀክተሩ ጨረር እንደ ግንድ ወፈረ፣
የአሮጊቷ ፊት ግድግዳው ጋ ሳይደርስ
አየር ላይ፣ ከራሳችን በላይ ቀረ።
ውጭ፣ ከቁልቁለቱ፣ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤
ውስጥ መዳቡ ጮኸ፤ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋ።

አንዲት ትንሽ ጀልባ፣ መብራቷ እየተርገበገበ፣
ወደ አለቱ መጣች።
ቆሎ የያዘ አፍ ሁሉ ቆመ።
ያኔ አፀደ፣ ከረዳት ወንበሯ፣ በጨለማ፣
ሳትጮህ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፦

«ማርሽ ቀንስ።»

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፦ «ቀኝህን ያዝ! ግራው ገደል ነው!»
ከመሬቱ ሌላ፦ «ፍሬኑን አትመነው፣
በሞተር ያዘው፣ በሞተር!»
«መስኮት ክፈት፣ ስማ!»
ሰባ ሰው፣ ባሕር ያላየ፣
ጀልባ እየነዳ ነበር፤
ከአናታችን ሰሌዳው «ክልክል ነው» እንዳለ።
ማይኩን አጠፋሁት። አምስት ሳምንት ካወራሁት ሁሉ
ይሄ ነበር ትክክሉ።

ጀልባዋ ደረሰች ወይ?
መብራት ሄደ።

ደምስ ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ጄኔሬተሩ ተነሣ።
አፀደ የቆሎ መስፈሪያዋን ጣሳ
ከወንበሩ ብረት ጋር አጋጨች። ጠበቀች።
ደግማ መታች።

«ተወው ጄኔሬተሩን» አለ አንዱ ሹፌር፣ «ለትንሽ።»